ለልጅ የሚቀመጥ ገንዘብ፦ ከሜሪላንድ እስከ ደሴ ያየሁት

አሜሪካ እህት፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ በቅርብ ልጅ የወለደ ዘመድ ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ላኩለት። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ናት። በ2025 ወንድ ልጅ ወለደች። የአሜሪካ መንግሥት ለልጇ 1,000 ዶላር እንደሚያስቀምጥለት የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ አልሰማችም ነበር። ሥራና ሕፃን ይዛ የምትሯሯጥ ሰው ዜና የምትከታተልበት ጊዜ ከየት ታመጣለች? ብዙ ዘመዶቻችን እዚያ እየኖሩ የማያውቁት መብት አለ። እኛ እዚህ ሆነን ብንነግራቸው ምንም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስ ሕግ ለልጆች አዲስ የኢንቨስትመንት ሂሳብ ፈጥሯል። በፕሬዚዳንቱ ስም ትራምፕ አካውንት ይባላል። ከ18 ዓመት በታች የሆነና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ያለው ልጅ ሊከፈትለት ይችላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2028 ባለው ጊዜ የተወለደ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ራሱ አንድ ጊዜ 1,000 ዶላር ያስገባለታል። የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ከዚያ በላይ ቤተሰብ፣ ዘመድ፣ ወዳጅ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ድረስ መጨመር ይችላል። አሠሪም ከዚሁ ጣሪያ ውስጥ እስከ 2,500 ዶላር ማዋጣት ይችላል። ከኪስ የሚገባው ገንዘብ የሚጀምረው ከጁላይ 4 ቀን 2026 ነው።

አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። 1,000 ዶላሩ ዝም ብሎ አይመጣም። መጠየቅ አለበት። ፎርም 4547 የሚባል አለ። ከዓመታዊው የታክስ ሪፖርት ጋር ተያይዞ ይሞላል፣ በኢንተርኔትም ይሞላል። እህቴን ታክስሽን የሚሠራልሽ ሰው ጋ ደውለሽ "4547 ይሞላልኝ" በይው አልኳት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እንዲህ ያለ ነገር ካልተጻፈ ይረሳል።

ለእማዬ የነገርናት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ላይ ነው። እህቴ በቪዲዮ ስልክ ላይ አለች፣ ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። እማዬ ሰምታ ሰምታ ስኒውን አስቀመጠች።

"መንግሥት ለአራስ ልጅ ገንዘብ ሰጠ ነው የምትሉኝ? ነገ ምን ሊጠይቀው ነው?"

"ምንም አይጠይቀውም እማዬ። የሱ ነው። ግን 18 ዓመት እስኪሞላው ማንም አይነካውም።"

"እናቱም?"

"እናቱም።"

ዝም አለች። ከዚያ "ይሄስ ደግ ነው" አለች። እሷን ያሳመናት ገንዘቡ ሳይሆን እናቱም አትነካውም የሚለው ነው። እኔም የዚህ ሂሳብ ትልቁ ጥቅም እሱ ይመስለኛል። ልጁ 18 ዓመት የሚሞላበት ዓመት እስኪገባ ድረስ ማውጣት አይቻልም። የቤት ኪራይ ጎደለ፣ አገር ቤት ሰው ታመመ፣ ሠርግ መጣ ተብሎ አይነሳም። እኛ ቤተሰብ ውስጥ ለልጅ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ የማይደርስበት ምክንያት ይኸው ነው። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የተቀመጠው ነው።

ገንዘቡ እንዴት ነው የሚያድገው የሚለውን ለእማዬ ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። አያታችን ወረኢሉ ነበሩ። የልጅ ልጅ ሲወለድ አንዲት ሴት በግ ይለዩለታል። ግልገሎቿ የልጁ ናቸው። የግልገሎቿም ግልገል የልጁ ነው። ልጁ ራሱ እረኛ ሲሆን የራሱን መንጋ ይጠብቃል። "ያው እንደ አባባ በግ ነው" አልኳት። እሷ ግን ወዲያው "በ77 እኮ በጎቹ አለቁ" አለችኝ።

ልክ ናት። መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው። ይህ ሂሳብ የባንክ ቁጠባ አይደለም። ገንዘቡ የሚገባው የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በጅምላ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው። ሕጉ ራሱ ሌላ አይፈቅድም። ፈንዱ በዓመት የሚያስከፍለው ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥም ተወስኗል፤ ይህ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የአክሲዮን ገበያ ይወድቃል። በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድ ዓመት ከሦስት እጅ አንዱን በላይ አጥቷል። መልሶ ለመነሳት ዓመታት ፈጅቶበታል። ለነገ የቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ እዚያ አይቀመጥም። 18 ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብ ግን ሊቀመጥ ይችላል፤ መውደቂያም መነሻም ጊዜ አለውና።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ስሌቱን ሠርቼ ላክሁላት። 1,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት ወደ 3,380 ዶላር ይሆናል። ምንም ሳይጨመርበት። በየወሩ 50 ዶላር ለብቻው ቢቀመጥና በዚያው ልክ ቢያድግ ደግሞ ወደ 21,500 ዶላር ይደርሳል፤ ከኪስ የወጣው 10,800 ብቻ ነው። 7 በመቶ ዋስትና ያለው ቁጥር አይደለም። ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ግን የጊዜን ጉልበት ያሳያል። ልጁ 10 ዓመት ከሞላው በኋላ ቢጀመር ይኸው 50 ዶላር ግማሽ መንገድ አይደርስም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። "ከታክስ ነፃ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። አይደለም። ታክሱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ቤተሰብ የሚያስገባው ገንዘብ ታክስ የተከፈለበት ነው፣ ሲወጣ ድጋሚ አይታክስም። መንግሥት የሰጠው 1,000 ዶላርና በመሃል የተገኘው ትርፍ ግን ሲወጣ እንደ ገቢ ይታክሳል። 18 ዓመት ካለፈ በኋላ ሂሳቡ እንደ ጡረታ ቁጠባ ነው የሚታየው። ባለቤቱ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላው ካወጣ ተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። ለከፍተኛ ትምህርት ክፍያ ወይም የመጀመሪያ ቤት ለመግዛት (እዚህ ላይ እስከ 10,000 ዶላር) ከሆነ ቅጣቱ ይቀራል፤ መደበኛው ታክስ ግን ይኖራል።

ስለዚህ እህቴ ማወቅ የነበረባት ገንዘቡን ለምን እንደምትፈልገው ነው። ለትምህርት ነው አለች። እንግዲያው ከዚያ በፊትም የነበረ 529 የሚባል የትምህርት ቁጠባ አለ፣ በየክፍለ ግዛቱ የሚቋቋም። ገንዘቡ ለትምህርት ከዋለ ትርፉ ላይ የፌዴራል ታክስ የለም። ልጁ ባይማር፣ ለሌላ የቤተሰብ አባል ማዞር ይቻላል። እኔ የመከርኳት እንዲህ ነው፦ የመንግሥቱን 1,000 ዶላር በአዲሱ ሂሳብ ተቀበይ፣ ነፃ ስለሆነ የሚተው ነገር አይደለም። ከደመወዝሽ የምትቆርጪውን 50 ዶላር ግን በ529 አስገቢ። እሷም በዚሁ ሄደች። ልጁ የጡረታ መነሻ እንዲኖረው የሚፈልግ ወላጅ ወይም አሠሪው የሚያዋጣለት ሰው ሌላ ውሳኔ ላይ ሊደርስ ይችላል። ያም ትክክል ነው።

የእህቴ ባል የቃሉ ወረዳ ልጅ ነው። ሙስሊም ነው። እኛ ወሎዎች ስለሆንን ቤታችን ውስጥ ሁለቱም አለ፣ ጥያቄውንም ማንም አላቀለለውም። "ወለድ ካለበት ልጄ እጅ እንዲገባ አልፈልግም" አለ። የባንክ ወለድ እንዳልሆነ፣ የኩባንያ ድርሻ መሆኑን ነገርኩት። ግን ፈንዱ ኩባንያ ስለማይመርጥ ባንክም፣ መጠጥ አምራችም ውስጡ አለ። ይህን ደብቆ መናገር አይገባም። እሱም የሚያምነውን ዓሊም ጠየቀ። ያገኘው መልስ ለሱ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ። በ529 ውስጥ ያሉት ምርጫዎችም እንደየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያዩ ፈንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

ሌላው ወሎ ውስጥ በብዛት የማየው ነገር አለ። ልጅ አሜሪካ ተወልዶ፣ እናትና አባት ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ አያት ጋ ይላካል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ እንዲህ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ጎረቤታችን አንድ የልጅ ልጅ እያሳደጉ ነው። "እትዬ፣ ለዚህም ይሰጠዋል?" ብለው ጠየቁኝ። ዜግነቱም፣ የልደት ቀኑም ያሟላል። ነገር ግን 1,000 ዶላሩን ለማግኘት ልጁ በአሜሪካ የታክስ ሕግ ለጠያቂው ወላጅ ጥገኛ ሆኖ የሚቆጠር መሆን አለበት። ከመስፈርቶቹ አንዱ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮ መኖር ነው። ለጊዜው የራቀ ልጅ በሕጉ የሚታይበት መንገድ አለ፣ ግን ጉዳዩ እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ልጁ እዚህ ከሆነ ወላጁ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የታክስ ባለሙያ ያማክር። ልጁን ወደዚህ ለመላክ የሚያስቡም ካሉ ከመላካቸው በፊት ይጠይቁ።

እዚህ የተወለደ ልጅ ግን እናቱ ወይም አባቱ የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩል የልጁ ዜግነት መመዝገብ አለበት። ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሂሳቡ አይከፈትም።

በዚህ መሃል የዘመድ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ተላከ። "የልጅዎን ፓስፖርትና የልደት ሰርተፍኬት ይላኩ፣ 1,000 ዶላሩን እናስጨርሳለን" የሚል። ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃል። እባካችሁ፣ ለማንም አትላኩ። ፎርሙ በነፃ የሚሞላ ነው። የሕፃን ልጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ልጁ አድጎ ሥራ ሲይዝ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እንግዲህ እኛስ?

እኛ አገር መንግሥት የሚጨምርበት፣ ታክሱ የሚዘገይለት፣ እስከ 18 ዓመት የማይነካ የልጅ ሂሳብ የለም። ያለው የባንክ የልጆች ቁጠባ ነው። እኔ ለሁለቱ ልጆቼ ከፍቻለሁ። የልደት ሰርተፍኬት፣ የወላጅ መታወቂያና ፎቶ ያስፈልጋል። የልደት ሰርተፍኬቱን ከቀበሌ አስቀድማችሁ አውጡ። ስሙ በሰርተፍኬቱ፣ በትምህርት ቤትና በባንኩ አንድ ዓይነት ተጽፎ መሆኑን ቆማችሁ አረጋግጡ። የልጄ ስም ላይ አንድ ፊደል ተለውጦ ነበር፤ የባንኩ ሠራተኛ ነች ያየችው። "አሁን ካልተስተካከለ 18 ዓመት ሲሞላት እሷ ትቸገራለች" አለችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። አሁን ግን አመሰግናታለሁ። ልጄ ደብተሩን ስትቀበል ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

ከአሜሪካው የሚለየው እኛ ወላጆች ማውጣት የምንችል መሆኑ ነው። ሕግ ስለማይዘን እኛው ራሳችንን ያዝን። ሂሳቡ በጣምራ ፊርማ እንዲንቀሳቀስ አደረግን፤ እኔና ባለቤቴ ሁለታችን ካልፈረምን አይወጣም። ለሕክምናና ለትምህርት ብቻ ብለን ተስማማን። ሁለት ሰው መስማማት ያለበት ነገር ቶሎ አይነካም። ቅሬውም (ዕድሩም)፣ ድግሱም፣ የዘመድ ብድርም ከሌላ ይወጣል። እቁብ ሲደርሰኝ ገንዘቡ ቤት ሳይገባ የልጆቹን ድርሻ አስገባለሁ። ከወር ደመወዝ ይቆረጥ ብዬ ብጠብቅ አይሆንልኝም ነበር፤ የደመወዝተኛ ወር መጨረሻ ይታወቃል።

ሌላው ችግር የዋጋ ንረት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኗል። በአዋጅ 979/2008 መሠረት ከቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ግብር ይቆረጥ ነበር። በዚያ ስሌት 10,000 ብር አስቀምጣችሁ 700 ብር ወለድ ብታገኙ፣ 35 ብሩ ግብር ይሄድ ነበር፣ 665 እጃችሁ ላይ ይቀር ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ጨመረ፣ የሚገዛው ጤፍ ግን ቀነሰ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህ ማለት ግን ባንክ አታስቀምጡ ማለት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ሱቁ የተበረበረበት ሰው ብዙ ነው። እቃና ጥሬ ገንዘብ ሄዷል። ደብተር የነበረው ሰው ግን ሲመለስ ቁጥሩ አልጠፋበትም። የሰው ዋጋ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው፣ ያጣነውን እናውቃለን። ስለ ንብረት ብቻ ከሆነ የምናወራው ግን፣ ለልጅ የሚሆን ገንዘብ ፍራሽ ሥር አይቀመጥም።

እኔ ያደረግሁት መከፋፈል ነው። ባንክ ያለው ለትምህርት ቤት ክፍያና ለድንገተኛ ሕመም። ከዚያ የሚተርፈውን ወደ አክሲዮን። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በቴሌብር በስልኬ ገዛሁ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ወደፊት አክሲዮን መሸጥም መግዛትም እየቀለለ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ግን አክሲዮን ትርፉ የተረጋገጠ አይደለም፣ በፈለጋችሁበት ቀን ገዢ ላይገኝም ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮ ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ እዚያ አይገባም።

ወለድ ለማትፈልጉ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ሲከፍቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ውዲዓ አደራ ነው፣ ትርፍ አይጨምርም። ሙዳረባ ከሆነ ባንኩ ሠርቶ ያገኘውን ትርፍ በተስማማችሁበት ድርሻ ይካፈላል። ለልጅ ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ልዩነቱ ብዙ ነው። የአማቴ ቤተሰቦች ልዩነቱን ሳይጠይቁ ዓመታት ውዲዓ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ወደ ሙዳረባ ያዞሩት በቅርቡ ነው።

ሌላም አለ፣ ሰው ማንሳት ባይወድም። አክሲዮኑ በእኔ ስም ነው። እኔ ባልኖር ልጆቼ ምን እንዳላቸው ማን ያውቃል? አሜሪካም እዚህም ወራሽ ሳያውቀው የሚቀር ገንዘብ አለ። የሂሳቦቹን ዝርዝር፣ የባንክ ቅርንጫፉን፣ የአክሲዮኑን ቁጥርና ለማን እንደታሰበ ጽፌ ለባለቤቴ አንድ፣ ለእማዬ አንድ ሰጥቻለሁ። የይለፍ ቃል አልጻፍኩበትም። እህቴም የልጇን ሂሳብ ዝርዝር እንዲሁ ጽፋ ለኔ በፎቶ ላከችልኝ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ግን ደምስሳ ነው የላከችው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ያ ቁጥር አይላክም።